ከጉሊት እናት ላይ አሥር ብር ያስቀነስኩ ቀን



ሰሞኑን ለጉዳይ ከባቲ ተነስቼ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሰንብቼ ነበር። ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው፤ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጠመንጃ ያዥ። በስልክ «ጠመንጃ ያዥ ስትደርስ ደውልልኝ» ስትለኝ የወታደር ካምፕ በር ላይ የምወርድ መስሎኝ ነበር። ደርሼ ሳይ ጠመንጃ የያዘ ሰው የለም፤ ሚዛን የያዙ ሴቶች ናቸው መንገዱ ዳር የተደረደሩት።

በሁለተኛው ቀን ከዐስር በኋላ አክስቴ ዘንቢል ሰጠችኝና «ሽንኩርትና ቲማቲም ግዛልኝ፤ እግረ መንገድህን ሰፈሩን እይ» ብላ ላከችኝ። ከሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ጉሊቱ ሞቅ ብሏል። ማዳበሪያ ተነጥፎ በላዩ ቲማቲም በመደብ በመደብ ተከምሯል፣ ቃሪያው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በውሃ የተረጨ ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ በትንሽ በትንሹ ታስሮ ተቀምጧል። ትንሽ ፈንጠር ብላ አንዲት ልጅ የምስር ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ከሷ ቀጥሎ ከሰል ላይ በቆሎ የሚያገላብጥ ልጅ አለ። ከቢሮ የሚመለሱ ሴቶች ቦርሳቸውን በክንዳቸው እንዳንጠለጠሉ ጎንበስ ብለው ይመርጣሉ። ሰው ከሻጮቹ ጋር የሚያወራው ስለ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ለቅሶ ያወራል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ያስተዋልኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ዋጋውን ብቻ ነበር።

ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት ፊት ቆምኩ። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ።

«ስንት ነው እናቴ?»

«መደቡ ሃምሳ ነው ልጄ።»

«አርባ ይሁን።»

«አያዋጣኝም የኔ ልጅ።»

«እዚያ ጋ አርባ ነው የሚሉት» አልኩ። ወላሂ፣ ማንም አርባ አላለኝም ነበር። ዞር ብዬ ለመሄድ ሁለት እርምጃ ስራመድ «እሺ ና ውሰድ፣ መሽቷል» አሉኝ። ወሰድኩ። ደስ አለኝ። ልብ በሉ፣ በዚያው ቀን ጠዋት የምፈርመውን ወረቀት ስጠብቅ አንድ ካፌ ገብቼ ለአንድ ማኪያቶ የጠየቁኝን ከፍዬ፣ መልሱንም ለአስተናጋጁ ትቼ የወጣሁ ሰው ነኝ።

ቤት ገብቼ «አርባ ነው የገዛሁት» ብዬ ለአክስቴ ተኩራራሁባት። ከማን እንደገዛሁ ስነግራት ዘንቢሉን አስቀመጠችና ዝም ብላ አየችኝ።

«ከእሳቸው ላይ ነው የተከራከርከው?»

ከዚያ የነገረችኝን ነው ላካፍላችሁ የፈለግኩት። የአክስቴ ባል ደመወዙ በወሩ መጨረሻ በሰዓቱ የማይገባባቸው ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት ቤቱ ውስጥ ወጥ የሚሠራው እኚህ እናት በዱቤ በሚሰጡት ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። እሳቸው ጽሕፈት አይችሉም። ዕዳውን በደብተር የምትጽፈው ተበዳሪዋ አክስቴ ናት፤ በትንሿ ልጇ እጅ፣ የትምህርት ቤት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ። ደመወዝ ሲገባ ደብተሩን ይዛ ወርዳ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፣ ትከፍላለች። አንድም ቀን «ጨምሪ» አላሏትም፤ «ዘገየሽ» ብለው ፊት አላጠቆሩባትም።

ሱብሐነላህ! ሱረቱል በቀራ ውስጥ ያለችውን ረጅሟን የብድር አንቀጽ አስታወስኩ። ብድር ይጻፍ ትላለች፣ የሚያጽፈውም ዕዳው ያለበት ሰው ይሁን ትላለች። ከእሷ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ ደግሞ ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪቃናለት ድረስ ጊዜ ስጡት የሚል ትእዛዝ አለ። አክስቴ የመጀመሪያውን ታውቀዋለች፤ መስጂድ ቂርኣት ተቀምጣ ተምራዋለች። ሁለተኛውን ግን እየፈጸሙት ያሉት ቁርኣን ያልቀሩት እናት ናቸው።

እኛ ወጣቶች ስለ ወለድ መናገር እንወዳለን። ዘምዘም ባንክ በ2013፣ ሂጅራ ባንክ ደግሞ በ2014 ሥራ ሲጀምሩ በገጾቻችን ላይ ያልተለጠፈ የደስታ ቃል አልነበረም። ተገቢም ነበር፤ ሙስሊሙ ብዙ ዓመት የለፋበት ጉዳይ ነው። ግን ባንኮቹ ከመከፈታቸው ከረጅም ጊዜ በፊት ከወለድ ነፃ የሆነ ብድር በየሰፈሩ ጉሊት፣ በማዳበሪያ ላይ፣ ያለ ማስያዣ ይሰጥ ነበር። ዛሬም ይሰጣል። ተበዳሪው የቀን ሠራተኛው፣ ዘበኛው፣ አባወራው የሞተባት ሴት ነው። አበዳሪዋ ደግሞ የነገ መነሻ ገንዘቧ ዛሬ ማታ መቀነቷ ውስጥ የገባው ብቻ የሆነ ሴት ናት። እኔም አሥር ብር ያስቀነስኩት ከዚህ ካዝና ላይ ነው።

አሥር ብር ምን ያህል እንደሆነ ያወቅኩት በማግስቱ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ግን ስለ ዋጋው ራሱ ትንሽ እናውራ፤ ምክንያቱም እንግዳ ሆነን ስንሄድ «አዲስ አበባ ጉሊት ውድ ነው፣ ያታልላሉ» ማለት ይቀናናል። የከተማዋ ዋና የአትክልት ጅምላ ገበያ፣ አትክልት ተራ የምንለው፣ ለረጅም ዘመን ፒያሳ አጠገብ ነበር። በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ዝውውሩ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ያንን አልከራከርም። ግን ለጉሊቷ እናት ከመሀል ከተማ የነበረው ገበያ ከተማው ዳር ወጣ ማለት ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ የሚኒባሱን፣ የተሸካሚውን፣ የጫኝ አውራጁን ከፍላ ነው ቲማቲሙ ማዳበሪያው ላይ የሚደርሰው። መንገድ ላይ የሚፈርጠውም የሷ ኪሳራ ነው። የተቀመጠችበት ቦታ እንኳ ነገ ይኑር አይኑር እርግጠኛ አይደለችም። መንገዱ ሲሰፋ፣ ሰፈር ሲፈርስ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። ልደታ ይህንን ከብዙ ሰፈሮች በፊት ያውቀዋል፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ትናንት መንደር ነበር።

ይህን ስል አንዳንድ ወንድሞች «መከራከር እኮ ሐላል ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ሐላል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ዋጋ ተነጋግረው ገዝተዋል። ከዚያ ውስጥ በጣም የታወቀው ደግሞ በጉዞ ላይ የሆነው የጃቢር (ረ.ዐ) ግመል ታሪክ ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ጃቢር ከዘመቻ ሲመለሱ ግመላቸው ደክሞ ወደኋላ ይቀራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽጥልኝ ይሏቸዋል፤ ይነጋገራሉ፤ በዋጋ ይስማማሉ፤ ጃቢር እስከ መዲና ድረስ ልቀመጥበት የሚል ቅድመ ሁኔታ ያስገባሉ፤ እሺ ይባላሉ። መዲና ሲደርሱ ቢላል ዋጋውን እንዲመዝን ይታዘዛል፣ ከተስማሙበትም አስበልጦ ይመዝናል። ጃቢር ብሩን ተቀብለው ሲሄዱ ተጠርተው ይመለሱና ግመሉም ይሰጣቸዋል! ዋጋውም ግመሉም የጃቢር ሆነ። አስቡት፤ ጃቢር አባታቸው ኡሑድ ላይ የተሰዉባቸው፣ ዕዳና ታናናሽ እህቶች የቀሩባቸው ወጣት ነበሩ። ያ ሁሉ ድርድር አንድ የተቸገረ ሰው ሳያፍር እጁ ላይ ገንዘብ እንዲገባ መንገድ ሆነ።

እኔ ግን የተከራከርኩት ለማሸነፍ ነው። በዚያ ላይ «እዚያ ጋ አርባ ነው» ብዬ ዋሽቻለሁ። መከራከሩ ሐላል ቢሆን እንኳ ውሸቱን የፈቀደልኝ የለም።

ሌላም ወንድም ደግሞ «ከአላህ ዘንድ በጣም የተጠላው ቦታ ገበያ ነው» የሚለውን ሐዲስ ያነሳል። ሐዲሱ ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ያለ ነው፣ ልክ ነው። ኢማም ነወዊ ሲያብራሩት ምክንያቱ ማጭበርበር፣ አራጣ፣ የሐሰት መሐላ፣ አላህን መርሳት የሚበዛበት ስለሆነ ነው ይላሉ። ሸማቹ እንዲርቀው የታዘዘበት ሐዲስ አይደለም። እንዲያውም በሱረቱል ፉርቃን የመካ ሙሽሪኮች ነቢዩን ከነቀፉባቸው ነገሮች አንዱ ምግብ መብላታቸውና በገበያ ውስጥ መሄዳቸው ነበር፤ መልእክተኛ እንዲህ ይሆናል እንዴ ብለው። አላህም ከእሳቸው በፊት የተላኩት መልእክተኞች ሁሉ ምግብ የሚበሉ፣ በገበያ የሚሄዱ እንደነበሩ በዚያው ሱራ መለሰላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ሲሄዱ ደግሞ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው ከታች እርጥቡን አግኝተው ሻጩን ገሥጸዋል። ይህም ለጉሊት ሻጮቻችን የሚሆን ነው፤ ከላይ ቀዩን፣ ከታች የፈረጠውን የሚደረድር ሻጭ የለም አልልም። አለ። ድሃ መሆን ለማጭበርበር ፈቃድ አይሰጥም። ግን እኔ ያን ዕለት ከመደቡ ስር ያገኘሁት የፈረጠ ቲማቲም አልነበረም።

በእንግድነት ሀገር ገበያ መሄድ ራሱ የሰሓባ ሥራ ነው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ባዶ እጃቸውን መዲና ሲደርሱ ወንድም የተደረጉላቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ግማሽ ሀብቴን ውሰድ ይሏቸዋል። እሳቸው ዱዓ አድርገውላቸው ገበያው ወዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩአቸው፤ ማታ ደረቅ አይብና ቅቤ አትርፈው ተመለሱ። ዛሬ እኛ አዲስ ከተማ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ዋይፋይ ያለው ካፌ የት ነው?» የማራካሹን የጃሚዕ አል-ፈና አደባባይ ምግብ ገበያ በስልካችን ስንት ጊዜ አይተናል፤ የኢስታንቡሉን፣ የዱባዩን እናውቃለን። ያረፍንበትን ሰፈር ጉሊት ግን አናየውም፤ የምናየውም ዋጋ ለማስቀነስ ነው።

እኔ ከገበያ ሀገር ነኝ፤ የባቲ ሰኞ የማያውቅ የለም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት ገበያ ነው። እዚያ የሚከራከረው ነጋዴ ከነጋዴ ጋር ነው፤ የግመል ሻጭና የግመል ገዢ ሁለቱም አቅም አላቸው፣ ሁለቱም ሳምንት ጠብቀው የመጡ ናቸው፣ ክርክሩም ጨዋታ አለው። የተሳሳትኩት የባቲን ሕግ ጠመንጃ ያዥ ጉሊት ላይ ይዤ በመምጣቴ ነው። ጉሊት የሳምንት ገበያ አይደለም፣ የዕለት ጉርስ ነው። የሰፈሩ ሰው ቢከራከር እንኳ ነገ ተመልሶ ይገዛል፣ ሲታመሙ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። መንገደኛው አሥር ብሩን ይዞ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ መንገደኛ የሆነ ሙስሊም ወጣት ሰፈር ጉሊት ላይ አይከራከር። ፊቅሁ ስለከለከለ ሳይሆን የሰፈሩን ሒሳብ ስለማያውቅ ነው። የተጠየቀውን መክፈል ካልቻለ ግማሽ መደብ ይግዛ።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበል። የአክስቴ ትልቁ ልጅ ቲክቶክ ላይ ይሠራል፤ በማግስቱ ጁሙዓ ሰግደን ስንመለስ አብሮኝ ወጥቶ ጉሊቱን መቅረጽ ጀመረ። ከእኚያ እናት አጠገብ ሒጃብ የለበሰች፣ ከዓረብ ሀገር ተመልሳ ድንች የምትሸጥ እህታችን አለች። ስልኩን ስታይ ሒጃቧን እስከ ዓይኗ ሳበችና «ወንድሜ በአላህ፣ አታንሳኝ፤ እቤት ያሉት ይህን እንደምሠራ አያውቁም» አለችው። ልጁ ደንግጦ አጠፋው። እናቷ ጋ ገንዘብ ስትልክ ሱቅ አለኝ ብላ ይሆናል። ሐላል ሥራ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ ግን መቼ ለማን እንደምትናገር የምትወስነው እሷ ናት። «የአዲስ አበባ ጉሊት» ብለን የምንለጥፈው ቪዲዮ የአንዲት ሴትን ሚስጥር አገሯ ድረስ ሊያደርስ ይችላል። ሳናስፈቅድ አንቅረጽ። ያስፈቀድናትም እምቢ ብትል ገዝተን እንሂድ።

«ታዲያ ካልተከራከርን፣ ካልቀረጽን ጉሊት ምን እንሠራለን?» ላለኝ የዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ እነግረዋለሁ፤ የኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ አለ። ኢብኑ ዑመር ጠዋት ጠዋት ጡፈይል የሚባለውን ሰው ይዘው ገበያ ይወጡ ነበር። ትንሹንም ትልቁንም ነጋዴ፣ ምስኪኑንም ሳይቀር ሰላምታ ሳይሰጡ አያልፉም። አንድ ቀን ጡፈይል ይገርመዋል፤ አትገዛ፣ አትሸጥ፣ ዋጋ አትጠይቅ፣ አትቀመጥ፤ ገበያ ምን ትሠራለህ ይላቸዋል። እሳቸውም ሆዱ ገፋ ያለ ነበርና በዚያው እየቀለዱበት የምንወጣው ለሰላምታ ብቻ ነው አሉት። አንድ የዲን ትልቅ ሰው የገበያ ጉዞ ምክንያቱ ሰላምታ ብቻ! እኔ ያን ዕለት ማታ ለእኚያ እናት «እንደምን ዋሉ» እንኳ አላልኩም፤ የመጀመሪያ ቃሌ «ስንት ነው» ነበር።

ስለዚህ ጁሙዓ ዕለት መጀመሪያ «እንደምን ዋሉ እናቴ» አልኩ። አላስታወሱኝም። አክስቴን ስጠራላቸው ፊታቸው በራ፤ «የሷ እንግዳ ነህ?» አሉና ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ። ቆይቼ አሥር ብሩን አውጥቼ «ትናንት ቀንሼ ወስጃለሁ» ስላቸው እጄን መለሱት። «ለማኝ አይደለሁም ልጄ። ሸጬልህ ነው።» አፈርኩ፤ ልክ ነበሩ። ታሪኩን በጃቢር ግመል መንገድ መጨረስ እንደሚቻል ትንሽ ዘግይቶ ገባኝ። «እሺ ይሁን፣ ነጭ ሽንኩርት ስንት ነው?» አልኩ፤ ነገሩኝ፤ ያሉኝን ከፍዬ አንድ ኪሎ ገዛሁ። ሲመዝኑ «ከአንድ መደብ ቲማቲም ስንት ያተርፋሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁና «ከተገኘ አሥር፤ ከፈረጠ ደግሞ ምንም» አሉኝ።

ያስቀነስኩት አሥር ብር ትርፋቸው በሙሉ ነበር።

ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩልኝ፤ ምራቂ። አማርኛችን ይህን ቃል ከምርቃት ጋር አንድ ሥር አድርጎ መያዙ ያስደንቀኛል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ለመዛኙ ሲመዝን እንዲያስበልጥ አዘዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። እኔ ከፍ ባለ ዋጋ ልክሳቸው መጥቼ እሳቸው ቀድመው መረቁብኝ። ሱረቱል ሙምተሒና በሃይማኖት ያልተዋጉንን መልካም ብንውልላቸውና ፍትሕ ብንሠራላቸው አላህ እንደማይከለክለን ትነግረናለች። መልካሙን ቀድመው የዋሉት ግን እሳቸው ነበሩ። የዐስር አዛን ሲያሰማ ድንች ሻጯ እህት ተነስታ «እትዬ፣ አደራ» አለቻቸው። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ማዳበሪያዋን ወደ ራሳቸው ጎተት አድርገው ለሚቀጥለው ገዢ ድንቹን መመዘን ጀመሩ፤ ብሩን ከማዳበሪያው ስር እየከተቱላት።

ቅዳሜ ባቲ ገባሁ። እናቴ ሻንጣዬን ስትከፍት የመጀመሪያው የተቀበላት ሽታው ነው። «ለነጭ ሽንኩርት አዲስ አበባ ድረስ ሄድክ እንዴ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ስንት እንደገዛሁት ስነግራት «አልተከራከርክም?» አለችኝ፤ የባቲ ሴት ናትና ቅር አላት። ምራቂውን ሁለት ራስ ለብቻ አውጥቼ ሰጠኋት።